በአንድ ውሃ ልክ፦ የጥንት ቻይናውያን ስለ ትክክልና ስህተት የተከራከሩት

ጤና ይስጥልኝ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ዛሬ የማወራው የዛሬ 2,400 ዓመት ገደማ ቻይና ውስጥ ስለተነሳ አንድ ክርክር ነው። ጥያቄው አጭር ነው። ለሁሉም ሰው እኩል የሚሠራ የሥነ ምግባር መለኪያ አለ ወይ? ካለስ ከየት ይመጣል? ከወላጅ? ከመምህር? ከንጉሥ? ከባህል? ስለ ቻይና ፍልስፍና ሲነሳ ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ኮንፊሺየስ ነው። እኔ ግን ብዙውን ሰዓት የምሰጠው ሞዚ ለሚባል ሰው ነው። ጥያቄውን እንዲህ ፊት ለፊት ያፈጠጠበት እሱ ነው፤ መልሱም ደግሞ ዛሬ ድረስ እንቅልፍ የሚነሳ ነው።

መጀመሪያ ዘመኑን እንይ። ኮንፊሺየስ የሞተው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ479 ነው። ሞዚ የመጣው ከእሱ ቀጥሎ በነበረው ትውልድ ነው። ያኔ ቻይና አንድ አገር አይደለችም። የዡ ነገሥታት በስም አሉ፤ ሥልጣኑ ግን በየግዛቱ ገዢዎች እጅ ገብቷል። ትልቁ ትንሹን ይውጣል። ጦር ሲመጣ አዝመራው ይታጨዳል፣ ዛፉ ይቆረጣል፣ ቅጥሩ ይፈርሳል፣ ከብቱ ይታረዳል፣ የተረፈው ሰው ታስሮ ይነዳል። ይሄ ነገር የቺን መንግሥት በ221 ሁሉንም ጠቅልሎ እስኪይዝ ድረስ ቀጠለ። የታሪክ ጸሐፊዎች የተፋላሚ መንግሥታት ዘመን ይሉታል። የምናወራው ፍልስፍና የተወለደው እዚህ መሃል ነው፤ ሰው ሆዱ ሞልቶ፣ ጥላ ሥር ተቀምጦ ያሰበው ነገር አይደለም።

የሞዚ ሙሉ ስም ሞ ዲ ነው። ስለ ሕይወቱ የተጻፈው ጥቂት ነው። አነጋገሩ ግን የባለሙያ አነጋገር ነው። አናጺ፣ ጋሪ ሠሪ፣ ግንበኛ በንግግሩ ውስጥ ይመላለሳሉ። ብዙ ምሁራን ከእጅ ባለሙያዎች ወገን ሳይሆን አይቀርም የሚሉት ለዚህ ነው።

ትምህርቱን በያዘው መጽሐፍ ውስጥ ስለ መለኪያ የሚናገር አጭር ምዕራፍ አለ። እኔ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። እንዲህ ይላል፦ በዓለም ላይ ያለ መለኪያ የሚሳካ ሥራ የለም። ባለሙያዎቹን ተመልከቱ። ማዕዘን ለማውጣት ስኳድራ አላቸው። ለክብ ኮምፓስ አላቸው። ቀጥ ያለ መስመር ሲፈልጉ በቀለም የተነከረ ክር ይወጥራሉ። የቆመው ነገር መዝመሙን በቱንቢ ያያሉ። የተካነው ሰው በእነዚህ ሲሠራ ልክክ ያደርገዋል። ያልተካነው ደግሞ ልክክ ባያደርገውም በዓይኑ ገምቶ ከሚሠራው በጣም የተሻለ ይሠራል።

እዚህ ጋ ትንሽ እንቆይ። ቱንቢ ግንበኛው ማን እንደሆነ አያውቅም። የአለቃው ግድግዳ ከዘመመ ዘሟል። የቀን ሠራተኛው ግድግዳ ቀጥ ካለ ቀጥ ብሏል። ይሄ አንድ ነገር ነው። ሁለተኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነው፦ መለኪያው ጀማሪንም ያገለግላል። ትክክሉን ለማወቅ የግድ ጠቢብ መሆን የለብህም፤ ሃያ ዓመት መጽሐፍ መሸምደድ የለብህም፤ ከትልቅ ቤት መወለድ የለብህም። ኮንፊሺየስ ጋ ስንሄድ ትክክሉን የሚያየው በትምህርት፣ በሥርዓትና በልምምድ የታነጸ ሰው ነው። ሞዚ ግን ማንም አንስቶ ሊለካበት የሚችል ነገር ፈለገ። በዚያ ዘመን ይሄ ቀላል ሐሳብ አልነበረም።

ከዚያ ወደ አገር አስተዳደር ይመጣል። አናጺ እንኳ መለኪያ አለው፤ አገር የሚመሩት ሰዎች ግን መለኪያቸው ምንድን ነው? ወላጆችን መለኪያ እናድርግ? በዓለም ላይ ወላጅ የሆነ ሰው ሞልቷል፤ በጎ የሆነው ግን ጥቂት ነው። ሁሉም ወላጁን አይቶ ከሠራ፣ አብዛኛው ሰው በጎ ያልሆነውን አይቶ ሠራ ማለት ነው። መምህራንንስ? እነሱም ብዙ ናቸው፤ በጎው ጥቂት ነው። ገዢዎችንስ? እንደዚያው። ልብ በሉ፣ ይሄ የሚነገረው አባት የቤቱ ምሰሶ፣ ንጉሥ የአገሩ አባት በሚባልበት ማኅበረሰብ ውስጥ ነው። ሞዚ ወላጅን አልሰደበም፤ ወላጅን ማክበርም ከሚያስተምራቸው ነገሮች አንዱ ነው። ያለው ይሄን ነው፦ ወላጅ ይከበራል፤ መለኪያ ግን ሊሆን አይችልም፤ እሱም ይለካል።

ታዲያ መለኪያው ማን ነው? ሰማይ ነው ይላል። የእሱ ሰማይ የሚያይ፣ የሚሸልምና የሚቀጣ ነው። ሥራው ሰፊ ነው፤ አያዳላም። ሲሰጥ ውለታ አይቆጥርም። ብርሃኑ አይደበዝዝም። ትልቅ አገርም ትንሽ አገርም የሰማይ ከተማ ነው፤ ልጅም ሽማግሌም፣ ባለማዕረግም ተራም የሰማይ አገልጋይ ነው። «ፀሐይን በክፉዎችና በበጎዎች ላይ ያወጣል» የሚለውን እየሰማ ላደገ ሰው ይሄ እንግዳ አይሆንበትም። አንድ ልዩነት ግን አለ። ሞዚ ስለ ወዲያኛው ዓለም አይጨነቅም። የሚያሳስበው የራበው መብላቱ፣ የበረደው መልበሱ፣ የደከመው ማረፉ ነው።

ቀጥሎ ወደ ባህል ይመጣል። በዘመኑ ባለማዕረግ ሲሞት ቀብሩ ቤት ያራቁታል። ሣጥኑ ድርብርብ ነው። ጌጡ፣ ጋሪው፣ ፈረሱ አብሮ ይቀበራል። የወላጅ ሐዘን እስከ ሦስተኛው ዓመት ይዘልቃል። ሐዘንተኛው ከስቶ ሰው ደግፎት ካልተነሳ፣ በምርኩዝ ካልሄደ፣ ሐዘን አልተቀመጠም። ሞዚ ቁጭ ብሎ ያሰላል፦ እስከዚያው ማን ያርሳል? ማን ይሸምናል? የመንግሥት ሥራ ማን ይሠራል? ተቃዋሚዎቹ «የአባቶቻችን ልማድ ነው፤ ትክክል ባይሆን ለምን ጠብቀው ያቆዩት ነበር?» አሉ። ስለ ተዝካር ወጪ ሲከራከሩ እየሰማ ያደገ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል።

የሞዚ መልስ አስደንጋጭ ነው። ዩዌ ከሚባለው ግዛት በስተምሥራቅ ካይሙ የሚባል አገር ነበር ይላል፤ የበኩር ልጅ ሲወለድ ይበሉታል፣ ለታናናሾቹ ይበጃል ብለው። አያት ሲሞት ሴት አያትን ተሸክመው ወስደው ይጥሏታል፣ ከሙት ሚስት ጋር አይኖርም ብለው። ከቹ በስተደቡብ ደግሞ ወላጅ ሲሞት ሥጋውን አበስብሰው ይጥሉና አጥንቱን ይቀብራሉ። ከቺን በስተምዕራብ ሬሳ የሚያቃጥሉ አሉ፤ ጭሱ ሲወጣ ወደ ላይ አረገ ይላሉ። በየአገሩ ይህንን ያደረገ ነው መልካም ልጅ የሚባለው። ሹማምንቱ ይደግፉታል፤ ሕዝቡም ያደርገዋል። እነዚህ ወሬዎች እውነት ይሁኑ ተረት ለክርክሩ ለውጥ የላቸውም። ነጥቡ ይሄ ነው፦ ሰው የለመደውን ነገር ምቹ ያደርገዋል፤ ምቹ የሆነውን ደግሞ ትክክል ይለዋል። መለመድ ሌላ፣ ትክክል መሆን ሌላ።

በዚያው መቶ ዓመት በሌላው የዓለም ጫፍ ግሪኩ ሄሮዶቱስ ተመሳሳይ ነገር ጽፏል። አንዱ ሕዝብ የአባቱን ሬሳ ያቃጥላል፤ ሌላው ይበላል፤ አንዱ የሌላውን ሲሰማ ይዘገንነዋል። የሄሮዶቱስ መደምደሚያ ልማድ የሁሉ ንጉሥ ነው የሚል ነበር። ሞዚ ከዚያው ዓይነት ወሬ ተነስቶ ተቃራኒው ጋ ደረሰ። ልማድ ራሱ ይዳኝ አለ። በምን? ለሰዎች በሚያመጣው ጥቅምና ጉዳት። ድሃውን ያበለጽጋል ወይ? ሕዝቡን ያበዛል ወይ? ሥርዓት ያመጣል ወይ? ሦስቱ የሞዚ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። ደረቅ ጥያቄዎች ናቸው፣ አዎ። ሹንዚ የሚባለው ሌላው ትልቅ ፈላስፋ በኋላ «ሞዚ ጥቅም ጋርዶት ጌጥና ሥርዓት አልታየውም» ብሎ ነቅፎታል፤ ነቀፋው ትክክለኛ ቦታ ያረፈ ይመስለኛል። ሞዚ ሙዚቃንም ጭምር በዚሁ ሚዛን ለክቶ ጥሏል። እዚያ ላይ አብሬው አልሄድም።

አብሬው እስከ ጥግ የምሄደው ስለ ጦርነት በተናገረው ላይ ነው። ቀስ ብላችሁ ስሙት። አንድ ሰው የሰው አትክልት ቦታ ገብቶ ኮክ ሰረቀ። የሰማ ሁሉ ይኮንነዋል፤ ሹም ከያዘው ይቀጣዋል። ለምን? ሌላውን ጎድቶ ራሱን ስለጠቀመ። ውሻ፣ ዶሮ፣ አሳማ የሰረቀ ከዚያ ይብሳል። ፈረስና በሬ የሰረቀ ደግሞ ይብሳል። ምንም ያላደረገን ሰው ገድሎ ልብሱን የገፈፈ፣ ጦርና ሰይፉን የወሰደ እጅግ ይብሳል። እስካሁን ሁሉም ይስማማል። አንድ ሰው የገደለ አንድ የሞት ወንጀል አለበት። አሥር የገደለ አሥር አለበት። መቶ የገደለ መቶ። አሁን አገር ወረረ። ያኔስ? ያኔ ይመሰገናል። ጀግንነት ነው ተብሎ ይጻፋል፤ ለልጅ ልጅ እንዲተላለፍ በመጽሐፍ ይቀመጣል። ሞዚ እንዲህ ይላል፦ ትንሽ ጥቁር ሲያይ ጥቁር ብሎ፣ ብዙ ጥቁር ሲያይ ነጭ የሚል ሰው ጥቁርና ነጭን አያውቅም። ትንሽ መራራ ሲቀምስ መራራ ብሎ፣ ብዙ ሲቀምስ ጣፋጭ የሚል ሰው ጣዕም አያውቅም።

ይሄን ያህል ግልጽ የሆነ ክርክር ከጥንቱ ዓለም ብዙ አላውቅም። ንጉሡ ከኮክ ሌባው በተለየ መለኪያ እንዲለካ አይፈቅድም። መለኪያው ያው ነው፤ የተለወጠው ብዛቱ ብቻ ነው።

ሰውየው ደግሞ ተናግሮ ዝም የሚል አልነበረም። ጎንግሹ ባን የሚባል የታወቀ የእጅ ባለሙያ ነበር፤ የቻይና አናጺዎች እስከ ዛሬ ሉ ባን እያሉ የሙያቸው አባት የሚያደርጉት እሱን ነው። ይህ ሰው ለቹ መንግሥት የከተማ ቅጥር መውጫ ረጅም መሰላል ሠራ። ቹ በዚያ መሰላል ሶንግ የሚባለውን ትንሽ መንግሥት ሊወጋ ነው። ሞዚ ሰማ። ተነሳ። አሥር ቀንና አሥር ሌሊት ተጉዞ ቹ ዋና ከተማ ደረሰ።

ጎንግሹ ባን ተቀበለው። «መምህር፣ ምን ልታዘዝ?»

«በሰሜን የሰደበኝ ሰው አለ። እንዲገድሉልኝ ፈልጌ ነው።»

ጎንግሹ ባን ደስ አላለውም። ሞዚ ጨመረ፦ «አሥር ወርቅ እከፍላለሁ።»

«እኔ በመርሄ ሰው አልገድልም!»

ይሄኔ ሞዚ ተነስቶ ሁለት ጊዜ እጅ ነሳ። ከዚያ እንዲህ አለው፦ «መሰላል ሠርተው ሶንግን ሊወጉ ነው ሲባል ሰማሁ። ሶንግ ምን አጠፋች? ቹ መሬት ተርፏታል፤ ያጠራት ሰው ነው። ያጠራትን ሰው እየገደሉ የተረፋትን መሬት መጨመር ብልህነት አይባልም። ጥቂቶችን አልገድልም የሚል መርህ ይዞ ብዙዎችን መግደል ደግሞ ነገርን ከነገር ማመሳሰል አለማወቅ ነው።» ጎንግሹ ባን መልስ አጣ። ለንጉሡ ቃል ስለገባሁ ማቆም አልችልም አለ።

ወደ ንጉሡ ሄዱ። ሞዚ ለንጉሡ ስለ አንድ ሰው ነገረው። ያማረ ሠረገላ እያለው የጎረቤቱን የተሰባበረ ጋሪ ሊሰርቅ ይፈልጋል። ጥልፍ ልብስ እያለው የጎረቤቱን ቡትቶ ይመኛል። ጥሩ ሥጋ እያለው የጎረቤቱን ገለባና ብጣሪ ያያል። «ምን ዓይነት ሰው ነው?» ንጉሡ «የሌብነት በሽታ ያለበት ነው» አለ። ሞዚም ቀጠለ፦ የቹ ግዛት አምስት ሺህ ሊ ነው (ሊ የቻይና የርቀት መለኪያ ነው)፤ የሶንግ አምስት መቶ። ንጉሡ ነገሩ ገባው። ቢሆንም «መሰላሉ ተሠርቷል፤ ሶንግን እወስዳለሁ» አለ።

የምወደው ቦታ ይሄ ነው፤ ክርክር ብቻውን ንጉሥን አላቆመም። ሞዚ ቀበቶውን ፈታ፤ መሬት ላይ ቅጥር አስመስሎ አነጠፈው። ትናንሽ እንጨቶችን የጦር መሣሪያ አደረገ። ጎንግሹ ባን ዘጠኝ ጊዜ በዘጠኝ ዘዴ አጠቃ፤ ሞዚ ዘጠኙንም መለሰ። የማጥቂያው ዘዴ አለቀ፤ የመከላከያው ገና አልተነካም። ጎንግሹ ባን «እንዴት እንደማሸንፍህ አውቃለሁ፤ ግን አልናገርም» አለ። ሞዚም «እንዴት እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም አልናገርም» አለ። ንጉሡ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። «እኔን ለማስገደል አስቧል» አለ ሞዚ። «እኔ ብሞት ሶንግን የሚጠብቅ አይኖርም ብሎ ነው። ግን ቺን ጉሊና ሌሎች ሦስት መቶ ተማሪዎቼ የመከላከያ መሣሪያዎቼን ይዘው አሁን የሶንግ ቅጥር ላይ ቆመዋል።» ቹ ወረራውን ተወች። ሞዚ ወደ አገሩ ሲመለስ በሶንግ በኩል ሲያልፍ ዝናብ ጣለ። በር ላይ ሊጠለል ሲጠጋ ዘበኛው አላስገባውም።

አሁን ወደ ሌላኛው ወገን እንለፍ፤ ምክንያቱም ኮንፊሺየስንና ተከታዮቹን ሳይሰሙ ሞዚን ማድነቅ ግማሽ ነገር ነው።

ኮንፊሺየስም ለሁሉም የሚሆን ቃል አለው። አንድ ተማሪው ዕድሜ ልክ የሚመራ አንድ ቃል አለ ወይ ብሎ ሲጠይቀው፣ በራስህ ላይ እንዲደረግ የማትፈልገውን በሌላው ላይ አታድርግ አለው። መጽሐፈ ጦቢትን የሚያውቅ ሰው ይሄን ከጦቢት ምክር ያውቀዋል። ስለዚህ ኮንፊሺየስ የራስ ወገን ብቻ የሚል ሰው ነበር ማለት ግፍ ነው። ነገር ግን አንድ የግዛት ገዢ «እኛ አገር ቅን ሰው አለ፤ አባቱ በግ ሲሰርቅ መሰከረበት» ብሎ በኩራት ሲነግረው፣ «እኛ ጋ ቅንነት ሌላ ነው። አባት የልጁን ይደብቃል፤ ልጅ የአባቱን ይደብቃል። ቅንነት እዚያ ውስጥ ነው» ብሎ መለሰ።

ይሄ መልስ ቻይና ውስጥ ሥር ሰዷል። ከቺን በኋላ የመጣው የሃን ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ሹዋን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ66 ባወጣው አዋጅ ወላጁን የደበቀ ልጅ እንዳይቀጣ አዝዟል። እ.ኤ.አ. በ2012 የተሻሻለው የቻይና የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ የተከሳሽን የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅና ልጅ ፍርድ ቤት ቀርበው እንዲመሰክሩ ማስገደድን ከልክሏል። የበጉ ወሬ ሁለት ሺህ ዓመት ተሻግሮ ፍርድ ቤት ገባ ማለት ነው።

የኮንፊሺየስ ተከታይ የሆነው ፈላስፋ ሜንሺየስ ከሞዚ በኋላ መጣ፤ ከኮንፊሺየስ ሞት መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው የተወለደው። ሞዚ የራስንም የሌላውንም ሰው እኩል እንውደድ ብሎ ያስተምር ነበር፤ ሜንሺየስ ይህን ትምህርት ሲያነሳ ደም ሥሩ ይገተራል። ሁሉን እኩል መውደድ አባትን መካድ ነው፤ አባትና ንጉሥ የሌለው ደግሞ አውሬ ነው አለ። ቃሉ ከባድ ነው። ከቁጣው ሥር ያለው ሐሳብ ግን ትልቅ ነው። ሕፃን ልጅ የውኃ ጉድጓድ ውስጥ ሊወድቅ ሲል ያየ ማንም ሰው ይደነግጣል፣ አንጀቱ ይላወሳል ይላል። ከወላጆቹ ጋር ለመወዳጀት አይደለም። ሰፈርተኛው እንዲያመሰግነው አይደለም። እንዲሁ ይደነግጣል። ይህ ድንጋጤ የበጎነት ቡቃያ ነው። በቤት ይበቅላል፤ ለአባት፣ ለእናት፣ ለወንድም በሚኖረን ፍቅር ያድጋል፤ ከዚያ ወደ ጎረቤት፣ ወደ አገር ይሰፋል። ሥሩን ነቅለህ ፍሬውን አትጠብቅ ነው የሚለው።

አንድ ዪ ዢ የሚባል የሞዚ ተከታይ ነበር። ፍቅር ደረጃ የለውም፤ አፈጻጸሙ ግን ከወላጅ ይጀምራል አለ። ይሁንና ሞዚ ቀብር ይቅለል እያለ ሲያስተምር፣ ይህ ሰው ወላጆቹን በትልቅ ወጪ ነበር የቀበረው። ሜንሺየስ ይህችን ያዘ። ድሮ ሰው ወላጁን ሳይቀብር ገደል ይጥል ነበር አለው። አንድ ቀን በዚያ ሲያልፍ ቀበሮ ሲበላው፣ ዝንብ ሲወርረው አየ። ግንባሩን ላብ አጠመቀው፤ ማየት አቅቶት ፊቱን አዞረ። ላቡ ለሰው ታይታ የወጣ አልነበረም። ሮጦ ቅርጫትና አካፋ አምጥቶ አፈር አለበሰው። ዪ ዢ ይህን ሲሰማ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያ «አስተማረኝ» አለ።

እዚህ ላይ ሜንሺየስን የሚረታ መልስ የለኝም። መለኪያ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ በመለኪያው ለመኖር የሚያንቀሳቅሰን ነገር ግን ከዚያች ላብ ነው የሚመጣው። ሞዚ ሰዎችን የሚያንቀሳቅሰው ምክንያት፣ ሽልማትና ቅጣት ነው ብሎ አስቧል። ንጉሦች ቢፈልጉ ሕዝቡ በአንድ ትውልድ ይለወጣል ይላል፤ ቀጭን ወገብ የሚወድ የቹ ንጉሥ ሹማምንቱን በቀን አንድ ጊዜ እንዲበሉ አድርጓቸው የለ? እኔ ግን በንጉሥ ፈቃድ የተጀመረ ፍቅር በንጉሥ ፈቃድ ያልቃል ባይ ነኝ።

ነገር ግን ያው ሜንሺየስ ሌላ ጥያቄ ቀረበለት። ጠቢቡ ንጉሥ ሹን በዙፋን ላይ እያለ አባቱ ሰው ቢገድል ምን ያደርግ ነበር? ዳኛው ይይዘዋል አለ ሜንሺየስ። ሹን አይከለክልም? እንዴት ይከለክላል፣ ዳኛው ሕጉን ይዞ ነው የሚሠራው። ታዲያ ሹን ምን ያደርጋል? መንግሥቱን እንደ አሮጌ ጫማ ጥሎ፣ አባቱን በጀርባው አዝሎ በስውር ይሸሻል፤ በባሕር ዳርቻ ይኖራል፤ ዕድሜውን ሙሉ ደስ ብሎት መንግሥቱን ይረሳል። ታሪኩ ያምራል። ሥልጣኑን ለአባቱ ማዳኛ አልተጠቀመበትም፤ ይሄም ትልቅ ነገር ነው። ግን የሟቹ ቤተሰብ የት አለ? በታሪኩ ውስጥ አንድ ቃል እንኳ አልተነገረላቸውም። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ እንደሚባለው ነው፤ ዘመድ የሌለው ሟች ግን ወዴት ይጠጋ?

ከዚህ ጎን የሞዚን ተከታይ ፉ ቱንን አስቀምጡት። ፉ ቱን ቺን አገር የሚኖር የሞዚያውያን መሪ ነበር። ታሪኩ የተጻፈው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ239 አካባቢ እዚያው ቺን በተጠናቀረ መጽሐፍ ውስጥ ነው። ልጁ ሰው ገደለ። ንጉሥ ሁዊ አዘነለት። «መምህር፣ አርጅተዋል፤ ሌላ ልጅም የለዎትም። እንዳይገደል አዝዣለሁ። በዚህ ነገር ይስሙኝ» አለው። ፉ ቱንም እንዲህ መለሰ፦ «የሞዚያውያን ሕግ የገደለ ይሙት፣ ያቆሰለ ይቀጣ ይላል። ሕጉ የተደነገገው ሰዎች እንዳይገደሉና እንዳይቆስሉ ነው። ንጉሡ ምሕረት ቢያደርጉልኝም፣ እኔ ሕጉን አለመፈጸም አልችልም።» ልጁ ተገደለ።

ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ይከብደኛል። ሰውየው ንጉሥ የከፈተለትን በር በገዛ እጁ ዘጋ። ሞትን በሞት መቅጣት ትክክል ነው ብዬ አላምንም፤ ያ ሌላ ክርክር ነው። ነገር ግን በዚያ ዘመን የድሃው ልጅ ሲገድል ይሞታል፤ የባለማዕረግ ልጅ ሲገድል ሽማግሌ ይላካል። ፉ ቱን ሌላው ሁሉ የሚቀጣበት ሕግ ልጁ ጋ ሲደርስ እንዲጣመም አልፈለገም። መለኪያ አለኝ የሚል ሰው የሚፈተነው መለኪያው የገዛ ቤቱ ደጃፍ ሲደርስ ነው።

ሞዚ ራሱ ሁሉን እኩል መውደድ የሚባለው የማይሆን ሕልም ነው ለሚሉት መልስ ነበረው። ጦር ልትሄድ ነው እንበል፤ ወይም ሩቅ አገር ተልከህ መመለስህ አይታወቅም። እናት አባትህን፣ ሚስትና ልጆችህን ለማን አደራ ትሰጣለህ? የራሱን ብቻ ለሚያይ ጓደኛ ነው ወይስ የጓደኛዬ ወላጅ ወላጄ ነው ለሚል? በዓለም ላይ ይህን ምርጫ የሚስት ሞኝ የለም ይላል፤ አፉ ሁሉን እኩል መውደድን የሚነቅፍ ሰው እንኳ አደራውን የሚያስቀምጠው እዚያ ነው። በንግግሩ ይነቅፋል፤ በምርጫው ይቀበላል። ክርክሩ ቀዳዳ የለውም አልልም፤ አደራ መቀበልና ሁሉን እኩል መውደድ አንድ አይደሉም። ቢሆንም ብዙ ነገር ይነካል። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም የሚለውን የኛን አባባል ሞዚ ቢሰማ ይወደው ነበር ብዬ አስባለሁ።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ግን ሚዛኔ ይዛባል። በሞዚ ትምህርት ውስጥ የሚያስፈራኝ ክፍል አለ። ሰዎች መለኪያቸው ከተለያየ አገር ይበጠበጣል ይላል፤ ስለዚህ የበላዩ ትክክል ያለውን ሁሉ የበታቹ ትክክል ይበል፤ የበላዩ ስህተት ያለውን ስህተት ይበል። የበላዩ ሲሳሳት መምከር እንደሚገባ ጨምሯል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰማይን አስቀምጧል። ግን ሰማይ ዝም ሲል ምን ይተርፋል? አለቃው። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ሃን ፌይ የሚባል ፈላስፋ «ሕግ ለባለማዕረግ አያጎበድድም፤ የአናጺ ክር ለጠማማ እንጨት አይጎብጥም» ብሎ ጻፈ። የሞዚ ክር ነው፤ ቃሉም ያምራል። ነገር ግን በሃን ፌይ እጅ ክሩን የሚወጥረው ንጉሡ ነው፤ ንጉሡን የሚለካ ክር የለም። ቺን በዚያ ሐሳብ ቻይናን አንድ አደረገ፤ ጭካኔው ደግሞ የታወቀ ነው። ከመጀመሪያው «ገዢዎችም መለኪያ አይሆኑም» ያለው ሰው ይህን ቢያይ የሚያዝን ይመስለኛል።

ከንግግሩ በኋላ ሁለት ጥያቄዎች ተነስተው ነበር፤ እነሱንም ጨምሬ ልጻፍ።

አንዷ ልጅ ስለ ጇንግዚ ጠየቀችኝ። ጇንግዚ በሜንሺየስ ዘመን የነበረ ፈላስፋ ነው፤ የጋራ መለኪያ የሚባለውን ነገር አያምንበትም። ሰው እርጥብ ቦታ ቢተኛ ወገቡን ያመዋል፤ ዓሣን ግን አያመውም። ሰው ዛፍ ጫፍ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ጦጣ ግን አይንቀጠቀጥም። ትክክለኛውን መኖሪያ የሚያውቀው ማነው ይላል። አንተና እኔ ተከራክረን ብታሸንፈኝ ትክክል ሆንክ ማለት ነው? ዳኛ ብንጠራ ካንተ ጋር የሚስማማ ከሆነ እንዴት ይዳኛል? ይሄ ትዕቢተኛን ዝም የሚያሰኝ ጥያቄ ነው፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን ቅጥሯ ሊፈርስ ላለ ከተማ ምን ይላታል? ዓሣም ጦጣም ሰውም ቤታቸው ሲቃጠል የሚስማማቸው የለም።

ሁለተኛው ጥያቄ ለሁሉም ሰው የሚሆን ሥነ ምግባር የሚባለው የምዕራባውያን ሐሳብ አይደለም ወይ የሚል ነበር። የሞዚ ሥራ ራሱ መልስ ይመስለኛል። ትምህርቱ በቺንና በሃን ዘመን ተከታይ አጥቷል፤ ከመጽሐፉ 71 ምዕራፎች የተረፉት 53 ናቸው፤ እነሱም የዳኦ እምነት ተከታዮች እ.ኤ.አ. በ1445 ባሳተሙት ትልቅ የመጻሕፍት ስብስብ ውስጥ ገብተው ነው የቆዩት። ዛሬ ግን ቻይና እ.ኤ.አ. በ2016 ላመጠቀችው የኳንተም ሳተላይት የሰጠችው የሞዚን ስም ነው፤ ተከታዮቹ ስለ ብርሃን ጉዞ ስለጻፉ።

ሌላም ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1948 ሁለንተናዊው የሰብአዊ መብቶች መግለጫ ሲረቀቅ የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ምክትል ሊቀ መንበር ቻይናዊው ዣንግ ፐንግቹን ነበር። የኮንፊሺየስን ሊቃውንት እየጠቀሰ ይከራከር ነበር። መብቱ የመጣው ከፈጣሪ ነው ወይስ ከተፈጥሮ የሚለው ክርክር ሲነሳ፣ የቻይና ሕዝብ ብዙ ነው፣ የራሱ እምነትና ወግ አለው፣ እኔ ግን ይግባልኝ አላልኩም፣ ሌሎቻችሁም እንደዚያው አስቡ አለ። መግለጫው መነሻውን ሳይናገር ጸደቀ። ከደገፉት 48 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች፤ የተቃወመ አልነበረም፤ ስምንት አገሮች ድምፅ ተዓቀቡ። ሞዚ በዚህ የሚደሰት አይመስለኝም። እሱ ቱንቢውን የሰቀለው ከሰማይ ነው፤ ዣንግ ደግሞ ከየት እንደተሰቀለ አንነጋገር፣ ግድግዳውን ብቻ አብረን እንለካ ነው ያለው። እኔ በዚህኛው ከዣንግ ጋር ነኝ።

ሹንዚን ዛሬ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው ያለፍኩት። የሰው ተፈጥሮ ክፉ ነው ያለውና ለምን እንዲህ እንዳለ ለሚቀጥለው ጊዜ ይቆየን።